ልጆቼን ቤት ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ደስታዬ ጠፋብኝ

የአንባቢ ደብዳቤ

ውድ የዓምዱ አማካሪ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በሰሜን ቨርጂኒያ ሲሆን የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ትልቋ ልጄ 10፣ ወንዱ 7፣ የመጨረሻዋ ደግሞ 3 ዓመታቸው ነው። ባለፈው ዓመት ከባለቤቴ ጋር ተመካክረንና ጸልየን ትልልቆቹን ከትምህርት ቤት አስወጥተን ቤት ማስተማር ጀመርን። ያሰብነው በሃይማኖታቸው፣ በአማርኛቸውና በጠባያቸው ከእኛ ሳይርቁ እንዲያድጉ ነበር። እኔም ለዚሁ ስል ሥራዬን ተውኩ።

የመጀመሪያው ዓመት በጉጉት አለፈ። ዘንድሮ ግን መስቀል ካለፈ ወዲህ፣ ቀኑ እያጠረና እየቀዘቀዘ ሲመጣ፣ ጠዋት መነሣት እንኳ ያስጠላኝ ጀመር። ቤታችን ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ነው። ባለቤቴ የሌሊት ፈረቃ ስለሚሠራ ጠዋት ገብቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይተኛል፤ እኔም ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ልጆቹን ሳሎን ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጬ «ዝም በሉ፣ አባታችሁ ተኝቷል» እያልኩ አስተምራለሁ። ጸሎት፣ ሒሳብ፣ ንባብ፣ ሳይንስ፣ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ፊደል፣ ሁሉም በየሰዓቱ እንዲሆን ፕሮግራም አውጥቼ ግድግዳ ላይ ለጥፌያለሁ። ትንሿ ታለቅሳለች፣ ወንዱ ይቁነጠነጣል፣ እኔ እቆጣለሁ። ጸሎቱ ራሱ ቶሎ ይለቅልን የምንለው አንድ ክፍለ ጊዜ ሆነ።

በስልኬ የማያቸው ቤት የሚያስተምሩ እናቶች ቅጠል ሰብስበው፣ ኬክ ጋግረው፣ ልጆቻቸው እየሳቁ ነው የማያቸው። እናቴ ደግሞ ከሀገር ቤት በደወለች ቁጥር «ልጄ፣ ድምፅሽ ደክሟል፤ ልጆቹን ትምህርት ቤት ላኪያቸው» ትለኛለች። ባለፈው ሳምንት ትልቋ ልጄ ሒሳቧን እየሠራች ቀና ብላ «እማዬ፣ ትምህርት ሲያልቅ ትስቂያለሽ?» አለችኝ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እግዚአብሔር የሰጠኝን ቤተሰብ በምስጋና መያዝ አቅቶኝ ይሆን? ልቀጥል ወይስ ላቁም?

ደስታዋን የምትፈልግ እናት

የአማካሪው መልስ

ውድ እኅቴ፣

የልጅሽን ጥያቄ ደጋግሜ አነበብኩት። እየወቀሰችሽ አይመስለኝም። የእናቷን ሳቅ የምታውቅ፣ የናፈቃትና የሚመለስበትን ሰዓት የምትጠብቅ ልጅ ናት የጠየቀችሽ፤ ሲስቅ አይቶት የማያውቀውን ሰው «መቼ ትስቃለህ?» የሚል ልጅ የለም። ስለዚህ ያንን ጥያቄ ለመውደቅሽ ማስረጃ አድርገሽ አትያዥው። በቤታችሁ ውስጥ ያለውን ነገር ከሁላችሁም ቀድማ በትክክል ያየችው እሷ ናትና ወደ ንግግሯ መልሼ እመጣለሁ።

«በምስጋና መያዝ አቅቶኝ ይሆን?» ብለሽ ለጠየቅሽው አስቀድሜ ልመልስ። በደብዳቤሽ ውስጥ ምስጋና ቢስነት አላነበብኩም፤ ያነበብኩት ድካም ነው፣ ድካሙም ምክንያት አለው። ሥራሽን መተውሽን በአንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር አልፈሽዋል፤ ነገር ግን ከሥራሽ ጋር ከሰው ጋር የምትውዪበትን፣ የሠራሽው ታይቶ የምትመሰገኚበትን ቦታም አብረሽ ነው የተውሽው። ስለዚህ ጉዳይ አልቅሰሽ ታውቂያለሽ? ለልጆችሽ ብለሽ በፈቃድሽ የተውሽው ነገር ሊናፍቅሽ ይችላል፤ መናፈቁም ውሳኔሽን ስሕተት አያደርገውም።

ሁለተኛው ምክንያት ከፀሐይ ጋር የተያያዘ ነው። እኛ ያደግንበት አገር ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት አካባቢ ስለሆነ ሰውነታችን የመፀውን ጨለማ አያውቀውም። እዚያ መፀው ክረምቱ አልፎ ምድሩ በአደይ አበባ ሲደምቅ የሚገባ የብርሃን ወቅት ነው፤ አንቺ ባለሽበት አገር ደግሞ በዚያው ወር ቅጠሉ ይረግፋል፣ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደኋላ ሲመለስ በ11 ሰዓት አካባቢ ይመሻል። ብዙ ሰዎች በዚህ ወቅት የብርሃን ማነስ ስሜታቸውን ይጫነዋል። አንቺ ደግሞ ብርሃን በሚገኝበት ሰዓት መጋረጃው በተዘጋ፣ ድምፅ በማይሰማበት ቤት ውስጥ እንደምትውዪ ከደብዳቤሽ ተረድቻለሁ። አንድ ነገር ግን በግልጽ ልጠይቅሽ፤ ኀዘኑና የመነሣት ማቃቱ በየቀኑ ማለት ይቻላል ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ እንቅልፍሽንና የምግብ ፍላጎትሽን ካናጋ፣ ወይም ተስፋ የመቁረጥ ሐሳብ ከመጣብሽ፣ ለሐኪምሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ንገሪ። ለንስሐ አባትሽ መንገርም አንድ ነገር ነው፣ ለሐኪም መንገርም ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱ አይጋጩም፣ አንዱም የእምነት ማነስ አይደለም።

አሁን ወደ ልጅሽ ጥያቄ ልመለስ። «ትምህርት ሲያልቅ» ነው ያለችው። በእሷ ዓይን ቀኑ ለሁለት ተከፍሏል፤ እናቷ የማትስቅበት ትምህርት አለ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ኑሮ አለ። እኔም ግድግዳሽ ላይ የለጠፍሽውን ፕሮግራም ሳስበው እውነት ያላት ይመስለኛል። ልጆቹን ከትምህርት ቤት አስወጥተሻቸዋል፤ ትምህርት ቤቱን ግን ሳሎንሽ ውስጥ አስገብተሽዋል። ትምህርት ቤት ቀኑን በክፍለ ጊዜ የሚቆራርጠው አንድ መምህር በአንድ ዕድሜ ላይ ያሉ ብዙ ልጆችን በአንድ ክፍል ስለሚይዝ ነው። አንቺ ዘንድ ያሉት ሦስት ናቸው፣ ዕድሜያቸውም 10፣ 7 እና 3 ነው። ሦስት ዓመት የሆናትን ልጅ ጸጥ አሰኝቶ ስድስት ዓይነት ትምህርት በተርታ ማስተማር ለማንኛዋም እናት ከባድ ነው፤ ስለዚህ «አልቻልኩም» ያልሽው ነገር ከመጀመሪያውም የሚቻል አልነበረም።

ይህን ፕሮግራም የጫነብሽ ማን ነው? የቨርጂኒያ ሕግ የሚጠይቅሽን ታውቂዋለሽ፤ እስከ ኦገስት 15 ድረስ ልጆቹን ቤት እንደምታስተምሪ ከምትሰጪያቸው የትምህርት ዓይነቶች ዝርዝር ጋር ታሳውቂያለሽ፣ በሚቀጥለው ዓመት እስከ ኦገስት 1 ድረስ ደግሞ ልጆቹ ወደፊት መራመዳቸውን በፈተና ውጤት ወይም ብቃት ባለው ሰው ግምገማ ታሳያለሽ። በፈተና ከሆነም የሚፈለገው በቋንቋና በሒሳብ ዘጠኝ ደረጃ ካለው መለኪያ አራተኛው ወይም ከዚያ በላይ ነው። በዚህ ውስጥ ልጁ ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይዋል የሚል የለም። ሒሳብና ንባብ በየቀኑ ይሁኑ፣ በዚህ እስማማለሁ፤ ለአንድና ለሁለት ልጅ በቅርብ ሲሰጡ ግን ጠዋቱን በሙሉ አይወስዱም። የቀረው ከቤት ኑሮ ጋር ሊዋሐድ ይችላል። ዘዳግም ምዕራፍ 6 የእግዚአብሔርን ቃል ለልጆች ማስተማርን ሲያዝ የጠራቸው ሰዓቶች በቤት መቀመጥን፣ በመንገድ መሄድን፣ መተኛትንና መነሣትን ነው፤ ሁሉም እናት ከልጆቿ ጋር ያለ ምንም ዝግጅት የምታሳልፋቸው ሰዓቶች ናቸው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው፦ ባለቤትሽ ገብቶ እንደተኛ ልጆቹን አልብሰሽ ከቤት ውጪ። የአባታቸው እንቅልፍ ቀኑን የሚያፍንባችሁ እናንተ ቤት ውስጥ ስለምትቆዩ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ሁለት ሰዓት ያህል ውጭ ብትቆዩ እሱ በሰላም ይተኛል፣ አንቺ የናፈቀሽን ብርሃን ታገኛለሽ፣ ወንዱም መቁነጥነጡን ሮጦ ይጨርሰዋል። ለዚህ ጉዞ የሚያስፈልግሽ ውኃ፣ ዳቦና አንድ ደብተር ብቻ ነው። በዚህ ወር ከአፓርታማችሁ በር እስከ መኪና ማቆሚያው ድረስ ያለው መንገድ ራሱ በቂ የሳይንስ ክፍል ነው። ከአንድ የሜፕል ዛፍ ሥር ሦስት ቅጠል ይልቀሙ፤ አንዱ ገና አረንጓዴ፣ አንዱ ከጅማቱ ዳርና ዳር ብቻ አረንጓዴው የቀረና ሌላው የቀላ፣ አንዱ ሙሉ በሙሉ ቀይ። ትልቋ የሚሆነውን በደብተሯ ላይ ትሥለው። ቀኑ ሲያጥር ዛፉ አረንጓዴውን ክሎሮፊል መተካት ያቆማል፤ ቢጫው ቀለም በጋውን ሁሉ ከሥሩ የነበረ ነው፣ ቀዩን ግን ብዙዎቹ ዛፎች በመፀው አዲስ ይሠሩታል። ወንዱ ሽኮኮ የኦክ ፍሬ የምትቀብርበትን ቦታ ይቁጠር፤ ትንሿ ቅጠሉን በእግሯ እያንኮሻኮሸች ትሂድ፣ የእሷ ትምህርት ይኸው ነው። ስትመለሱ ሒሳቡና ንባቡ በግማሽ ጊዜ ሲያልቅ ታይዋለሽ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ የብዙ ወላጅ ጆሮ ያልደረሰ ይመስለኛል። ትልቋ ልጅሽ 10 ዓመቷ ስለሆነ «ኤቭሪ ኪድ አውትዶርስ» በሚባለው የመንግሥት ፕሮግራም ለአራተኛ ክፍል ተማሪዎች የሚሰጠውን ነፃ የብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ልታገኝ ትችላለች፤ በዚያ ዕድሜ ላይ ያሉ ቤት የሚማሩ ልጆችንም ይጨምራል፣ በመኪናው ውስጥ ያለውን ቤተሰብም ያስገባል። ከድረ ገጹ አትማችሁ ባለቤትሽ በሚያርፍበት ቀን ወደ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውጡ። በተራራው ጫፍ ለጫፍ የሚሄደው ስካይላይን ድራይቭ 105 ማይል ነው፤ ሁሉንም መንዳት የለባችሁም፣ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት መመልከቻ ቦታዎች ይበቃሉ። የምትበሉትን ቤት ሠርታችሁ ያዙ። ያን ቀን ግን አንቺ ምንም አታስተምሪ፤ ልጆቹ ለአባታቸው ቅጠሉ ለምን እንደሚቀላ ያስረዱት።

ከቤት ስትመለሺ ደግሞ ወጥ ቤትሽን ተመልከቺው። ሊጥ የምታቦኪ ከሆነ ብርዱ ከገባ ወዲህ እንደ በጋው ቶሎ ኩፍ እንደማይል ሳታስተውዪ አልቀረሽም። ይህን ብቻሽን አትያዥው። ትልቋ የቡሃቃውን ጎን በክር አስራ ሊጡ የት እንደደረሰ ምልክት ታድርግ፣ የወጥ ቤቱን ሙቀትና የሊጡን ከፍታ ከሰዓቱ ጋር በደብተሯ ትመዝግብ፣ እርሾ ሕይወት ያለው ነገር እንደሆነና ሲበርደው ሥራው እንደሚዘገይ ከዚያ ትረዳዋለች። ወንዱ ዱቄቱን በስኒ ይስፈር፤ «ለአራት ሰው ይህን ያህል ከሆነ፣ እሑድ እንግዶች ሲመጡ ለስምንት ስንት ይሆናል?» በይው። ለትንሿ ከሊጡ ቁራጭ ስጪያትና እዚያው ትንሽ ዳቦዋን ትጋግር። እንጀራውን ከሱቅ የምትገዢ ብትሆኚ እንኳ ዳቦ መድፋት ይህንኑ ያስተምራል። አማርኛውም ከግድግዳው የፊደል ገበታ ይልቅ እዚህ ይገባቸዋል፤ ማቡካት፣ አብሲት፣ ምጣድ፣ አክንባሎ የሚሉት ቃላት በእጃቸው ከያዙት ነገር ጋር ሲመጡ አይረሷቸውም።

ስለ ጸሎቱ የጻፍሽው ከሁሉ ይልቅ ልቤን ነክቶታል። ጸሎት ክፍለ ጊዜ የሆነው ከአባታቸው ጋር በማትገናኙበት፣ ሁላችሁም ገና ለቀኑ በተጨነቃችሁበት ሰዓት ላይ ስላስቀመጥሽው ይመስለኛል። ጠዋት በየአልጋቸው አጠገብ አማትበው አቡነ ዘበሰማያት ይበሉ፣ ያ ይበቃል። የቤተሰቡን ጸሎት ግን ባለቤትሽ ተነሥቶ፣ እራት ተበልቶ፣ ለሥራ ሳይወጣ በፊት ወዳለው ሰዓት አዛውሩት። እሱ ይምራ፤ የሌሊት ሥራ የቤቱን አባትነት ቀስ በቀስ እንዳይወስድበት ይህ ይጠብቀዋል።

ወቅቱ ራሱ ደግሞ እጅሽ ላይ የሰጠሽ ነገር አለ። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያናችን የጌታችንን፣ የእመቤታችንንና የቅዱስ ዮሴፍን ወደ ግብፅ መሰደድ በማኅሌት የምታስብባቸው ቀናት፣ በማግስቱም ኅዳር 6 የቁስቋም በዓል ይውላል። ለአንቺ ቤት ከዚህ የሚቀርብ ታሪክ የት ይገኛል? አገሩን ትቶ በሰው አገር የሚኖር ቤተሰብ ነው። መልአኩ በሕልም የነገረው ዮሴፍ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ በሌሊት ተነሣ ይላል ማቴዎስ ምዕራፍ 2፤ ስለ ቤተሰቡ ሌሊቱን የሚደክም አባት ላላቸው ልጆች ዮሴፍ ሩቅ ሰው አይሆንባቸውም። በየምሽቱ ከጸሎቱ በፊት የስደቱን ታሪክ ጥቂት ጥቂት ተርኩላቸው፣ ትልቋ ከቤተ ልሔም እስከ ግብፅ ያለውን መንገድ በካርታ ላይ ታሳይ፣ የሀገራችሁንና የእናንተን መንገድም ከጎኑ ታስምር። በኦክቶበር መጨረሻ ጎረቤቱ ሁሉ ለሃሎዊን በር ላይ ዱባ ቀርጾ ልጆችሽ «እኛስ?» ሲሉም የምትከለክያቸውን ብቻ አትንገሪያቸው፤ የራሳቸው የአበባ ወቅት እንዳላቸው ያውቁታል።

በዚያ ስደት እመቤታችን ብቻዋን እንዳልነበረች ትውፊታችን ይነግረናል፤ ሰሎሜ አብራት ነበረች። የአንቺ ሰሎሜ ማን ናት? በደብዳቤሽ ውስጥ ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ፣ እናትሽና በስልክሽ ያሉ የማታውቂያቸው ሴቶች አሉ፤ አንድም ጓደኛ ግን አላየሁም። ስልክሽ ላይ የምታያቸው እናቶች ከቀናቸው ያወጡት ጥቂቷን ደቂቃ ነው፣ ከእሷ በፊት ስንት ልቅሶ እንደነበረ አይነግሩሽም፤ አጽናኝ ሊሆኑሽም አይችሉም። ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ትንሽ ልጅ ይዛ የምትታይ አንዲት እናት መርጠሽ «ረቡዕ ጠዋት ከልጆች ጋር መናፈሻ እንገናኝ» በያት። ቤት የምታስተምር ባትሆንም ግድ የለም። በሳምንት አንድ ጠዋት እሷ ልጆቹን ስትጠብቅ ሌላ ጠዋት አንቺ ትጠብቂላታለሽ፤ ለሥራሽ ያለሽ ናፍቆት ከቀጠለም ያቺን ጠዋት ለሙያሽ ልታውያት ትችያለሽ።

ከባለቤትሽ ጋርስ ስለዚህ ተነጋግራችኋል? ደብዳቤሽ ላይ አብራችሁ ጸልያችሁ እንደወሰናችሁ ጽፈሻል፣ ከዚያ ወዲህ ግን እሱ የተኛ ሰው ብቻ ሆኖ ነው የሚታየኝ። ሊወቀስ የሚገባው አይደለም፤ ምናልባትም በሩን ዘግቶ ሲተኛ ከበሩ ማዶ ያለውን አያውቅም ይሆናል። «ደክሞኛል» ብቻ ብትዪው ሊያዝንልሽ ይችላል፣ ምን እንደሚያደርግ ግን አያውቅም። ስለዚህ የተወሰነ ነገር ጠይቂው፤ ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል እስከ አሥር ሰዓት ተኩል ፊደልና የአማርኛ ንባብ የእሱ ይሁን፣ አንቺም በዚያ ሰዓት ከቤት ውጪና ብቻሽን ተራመጂ፣ ገና ብርሃን አለ። ልጆች ከአባታቸው አፍ የሚሰሙት የልጅነት ታሪክ ለአማርኛቸው ከየትኛውም መጽሐፍ ይልቅ ይጠቅማቸዋል።

እናትሽን በተመለከተ፣ ድካምሽን ከባሕር ማዶ በድምፅሽ ብቻ የለየች እናት ናትና አትቃወሚያት። ምክሯን ባትቀበዪ እንኳ «አዎ እማዬ፣ ደክሞኛል፣ እንዲህና እንዲህ እያደረግሁ ነው» ብትያት ጭቅጭቁ ይቀራል። ከተቻለም በሳምንት አንድ ቀን ልጆቹን በስልክ ተረት ታጫውታቸው፤ ከመካሪነት ወደ አስተማሪነት ስትገባ እሷም ደስ ይላታል።

ልቀጥል ወይስ ላቁም ላልሽው ዛሬ መልስ አትስጪ። በዚህ ድካም ላይ ሆነሽ ብትቀጥዪ ከእልህ፣ ብታቆሚም ከሽንፈት የመጣ ይመስልሻል። አሁን ያልኩሽን ለውጦች አድርጋችሁ እስከ ገና ቆዩ፤ ከታኅሣሥ 29 በኋላ ባለው ሳምንት ሁለታችሁም ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ያን ጊዜ የምትጠይቁት «ልጆቹ ምን ያህል ገጽ ጨረሱ?» የሚለውን ብቻ መሆን የለበትም፤ «ቤታችን ውስጥ ቁጣ ቀንሷል? አንቺ ተኝተሽ ትነሻለሽ? ልጆቹ ጸሎት ሲደርስ ይመጣሉ ወይስ ይጎተታሉ?» የሚሉትንም ጠይቁ። መልሱ መጥፎ ከሆነ የሕዝብ ትምህርት ቤቱ በዓመቱ አጋማሽም ልጆችን ይቀበላል። ልጆችን ወደ ትምህርት ቤት መመለስ ሃይማኖታቸውን አሳልፎ መስጠት አይደለም፤ የማታው ጸሎት፣ የእሑዱ ቅዳሴ፣ የወጥ ቤቱ አማርኛ ከእናንተ ጋር ይቀራሉ። ትልቋን ልካችሁ ወንዱን ማስቀረትም፣ ሁለቱንም ማስቀጠልም ይቻላል፤ ለአንዱ ልጅ የሚበጀው ለሌላው ላይበጅ ይችላል።

ለነገ አንድ ነገር ብቻ አድርጊ። የግድግዳውን ፕሮግራም ልጆቹ ፊት አውርጂውና ትልቋን «ጠዋት ጠዋት ከቤት እንወጣለን፤ ወዴት እንሂድ?» ብለሽ ጠይቂያት። ጥያቄዋንም መልሽላት፤ ትምህርት እስኪያልቅ እንደማትጠብቂ ንገሪያት። ሁለት ሳምንት ከሞከርሽው በኋላ እንዴት እንደሆነልሽ ጻፊልኝ፣ በተለይ ባለቤትሽ የፊደሉን ሰዓት እንዴት እንደያዘው ማወቅ እፈልጋለሁ።